ቤዝቦልን መቁጠር ያስተማረው ጋዜጠኛ፦ የሄንሪ ቻድዊክ ታሪክ

ጨዋታ ሲያልቅ ውጤቱ ብቻ አይበቃንም። ማን አገባ፣ ማን አቀበለ፣ ስንት ሙከራ፣ ስንት ፐርሰንት የኳስ ቁጥጥር... ሁሉንም ማየት እንፈልጋለን። ከዛ ክርክሩ ይቀጥላል። ቫር ይቅር፣ ቫር ይኑር። ጨዋታ በዛ፣ ተጫዋች ደከመ። እከሌ ይበልጣል፣ የለም እከሌ ነው የሚበልጠው።

አሜሪካኖች ይሄንኑ ክርክር በቤዝቦላቸው ላይ ሲያደርጉ ከ160 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሕጉ ይቀየር አይቀየር፣ የትኛው ቁጥር እውነቱን ይናገራል፣ ሲዝኑ ስንት ጨዋታ ይሁን። የሚገርመው ደግሞ ክርክሩን መልክ ያስያዘው ሰው ተጫዋች አልነበረም፣ አሰልጣኝም አልነበረም። ጋዜጠኛ ነበር። አሜሪካ እንኳ አልተወለደም። ስሙ ሄንሪ ቻድዊክ ይባላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከእንግሊዝ እስከ ብሩክሊን

ቻድዊክ በጥቅምት 1824 እንግሊዝ አገር፣ ኤክሰተር ከተማ ተወለደ። አባቱ ጄምስ ጋዜጠኛ ነበር። በአባት የሚገናኘው ታላቅ ወንድሙ ኤድዊን ቻድዊክ ደግሞ በእንግሊዝ ታሪክ ትልቅ ስም ያለው ሰው ነው። ድሃው ሕዝብ በቆሻሻ ውሃና በተጨናነቀ መኖሪያ ምክንያት እንዴት እያለቀ እንደሆነ ቁጥር ሰብስቦ በ1842 ትልቅ ሪፖርት አወጣ። የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ሕግ የመጣው ከዛ በኋላ ነው። ወንድማማቾቹ በ24 ዓመት ይበላለጣሉ፣ የኖሩትም ውቅያኖስ ለያይቷቸው ነው። ግን አንድ እምነት ያገናኛቸዋል፦ በደንብ ከቆጠርክ ነገሮችን ማስተካከል ትችላለህ። አንዱ በሽታን ቆጠረ፣ ሌላው ኳስን።

ሄንሪ 12 ዓመቱ ላይ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ብሩክሊን ገባ። ወጣት እያለ ሙዚቃ ያስተምር ነበር፣ ዜማም ይደርሳል። ከ1840ዎቹ ጀምሮ ግን ለጋዜጣ መጻፍ ጀመረ። የሚዘግበው ክሪኬት ነበር፤ የእንግሊዝ ልጅ አይደል? በ1848 የቨርጂኒያዋን ጄን ቦትስን አገባ፣ ኑሮውን እዛው ብሩክሊን አደረገ።

ነገሩ የተቀየረው በ1856 ነው። ኒው ጀርሲ ሆቦከን ውስጥ ኤልዥያን ፊልድስ የሚባል ሜዳ ነበር። የክሪኬት ጨዋታ አይቶ ሲመለስ ሁለት የኒው ዮርክ ክለቦች፣ ኢግልና ጎተም፣ ቤዝቦል ሲጫወቱ አየ። ቤዝቦልን ከዚህ በፊት ያውቀዋል። የዛን ቀን ግን ጨዋታው ፈጣንና ብርቱ ሆኖ ታየው። ክሪኬት ለእንግሊዝ የሆነላትን ይሄ ጨዋታ ለአሜሪካ ሊሆንላት ይችላል ብሎ አመነ። በቀጣዩ ዓመት ኒው ዮርክ ክሊፐር ከተባለው ጋዜጣ ጋር መሥራት ጀመረ። ከዛ በኋላ 50 ዓመት ሙሉ ብዕሩን ከቤዝቦል ላይ አላነሳም።

ባላየኸው ጨዋታ እንድትከራከር ያደረገ ሰንጠረዥ

እስቲ አስቡት፦ ሬዲዮ የለም፣ ቲቪ የለም፣ ቪዲዮ የለም። ጨዋታውን ሜዳ ሄደህ ካላየኸው በቃ አላየኸውም። ጋዜጦች የሚያወጡት ሰንጠረዥ ነበር፣ ግን ማን ስንት ነጥብ እንዳስቆጠረና ስንት ጊዜ እንደወጣ ከመንገር አያልፍም።

ቻድዊክ ከክሪኬት የወሰደውን የአመዘጋገብ ስልት አሻሽሎ በ1859 አካባቢ ሰፋ ያለ ሰንጠረዥ ይዞ መጣ። አሜሪካኖች ቦክስ ስኮር ይሉታል። እያንዳንዱ ተጫዋች ስንት ነጥብ አመጣ? ስንት ጊዜ በደንብ መታ? በመከላከል ላይ ስንት ሰው አስወጣ? ስንቱን ለማስወጣት አገዘ? ስንት ስህተት ሠራ? ሁሉም በአንድ መስመር፣ በቁጥር። ጨዋታውን ያላየ ሰው ሰንጠረዡን አንብቦ ማን እንደደከመና ማን እንደሰነፈ ማወቅ ቻለ።

ዛሬም ድረስ በቤዝቦል መዝገብ ላይ መቺው ሦስት ጊዜ ስቶ ሲወጣ በእንግሊዝኛው ኬ ፊደል ይጻፋል። ይሄም ከቻድዊክ የመጣ ነው። ቃሉ የሚጀምርበት ኤስ ፊደል ለሌላ ነገር ተይዞ ስለነበር የመጨረሻውን ፊደል ወሰደ። ደጋፊዎች ስታዲየም ውስጥ ኬ፣ ኬ፣ ኬ እያሉ ወረቀት ሲሰቅሉ ካያችሁ የእሱ እጅ አለበት።

በ1860 ደግሞ ቢድል የተባለው አሳታሚ በአሥር ሳንቲም የሚሸጥ የቤዝቦል መመሪያ መጽሐፍ አወጣ። አዘጋጁ ቻድዊክ ነበር። ሕጉ፣ የአጨዋወቱ መንገድ፣ ያለፈው ሲዝን ቁጥር ሁሉ እዛ ውስጥ አለ። አንድ የገጠር ልጅ በአሥር ሳንቲም ሕጉን ተምሮ ቡድን ማቋቋም ቻለ ማለት ነው።

ኳሷ ነጥራ ከተያዘችስ?

የመጀመሪያው ትልቁ የሕግ ጦርነት ይሄ ነበር። በዛ ዘመን መቺው የመታት ኳስ አየር ላይ ብትቀለብም፣ መሬት ላይ አንዴ ነጥራ ብትያዝም መቺው ይወጣል። ቻድዊክ ይሄ የልጆች ጨዋታ ነው ባይ ነበር። መቺው መውጣት ያለበት ኳሷ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች ብቻ ነው ብሎ በጽሑፍ ወተወተ።

የተቃወሙትም የማይረባ ምክንያት አልነበራቸውም። ያኔ ጓንት የለም። ጠንካራ ኳስ በባዶ እጅ ነው የሚቀለበው። ጣት ይሰበራል፣ መዳፍ ያብጣል። ብዙዎቹ ተጫዋቾች ደግሞ ከሥራ በኋላ የሚጫወቱ አማተሮች ናቸው፤ በማግስቱ በዛው እጅ ሥራ መግባት አለባቸው። በዓመታዊው ስብሰባ ላይ ሐሳቡ እየቀረበ ብዙ ጊዜ ወደቀ። በመጨረሻ በታኅሣሥ 1864 አለፈ፣ ከ1865 ሲዝን ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ ያ ሕግ ባይኖር ቤዝቦልን ማሰብ ይከብዳል።

ሁሌ ግን አልተሳካለትም። በ1874 አንድ ቡድን 9 ሳይሆን 10 ተጫዋች፣ ጨዋታውም 9 ሳይሆን 10 ኢኒንግ ይሁን ብሎ ዘመቻ ከፈተ። ማንም አልሰማውም። ሆም ራንንም ብዙም አይወድም ነበር። ኳስን ከሜዳ ውጭ ከመላክ ይልቅ አስቦ፣ ክፍተት ፈልጎ የሚመታ ተጫዋች ነበር የሚያስደስተው። የዛሬ ደጋፊ ቢሰማው ይስቅበታል። አንድ ነገር ላይ ግን አልተሳሳተም፦ ቁማር። ጨዋታ በገንዘብ እየተሸጠ መሆኑን ሳይሰለች ይጽፍ ነበር። በ1877 አራት የሉዊቪል ቡድን ተጫዋቾች ሆን ብለው በመሸነፍ ተይዘው ዕድሜ ልክ ታገዱ። በቤቲንግ ዘመን ላለን ለእኛ ይሄ ታሪክ ሩቅ አይመስልም።

ፕሮግራሙን ማን ያውጣው?

በ1871 የመጀመሪያው የፕሮፌሽናል ማኅበር ሲቋቋም አንድ ክለብ ለመግባት የሚከፍለው 10 ዶላር ነበር። የጨዋታ ፕሮግራም የሚባል ነገር ግን የለም። ክለቦቹ እርስ በርስ ተነጋግረው ቀን ይቆርጣሉ። ሲዝኑ ወደ ማለቂያው ሲደርስ የተሸነፈው ቡድን ለባቡር ገንዘብ የለኝም ብሎ ይቀራል። ታዲያ ሻምፒዮኑ ማን ነው? አንዱ ብዙ ተጫውቷል፣ ሌላው ጥቂት።

በየካቲት 1876 የቺካጎው ዊልያም ኸልበርት የክለብ ኃላፊዎችን ኒው ዮርክ ሆቴል ውስጥ ሰብስቦ ናሽናል ሊግን መሠረተ። ስብሰባው በዝግ ነበር፣ ቻድዊክንም ያማከረው የለም። ቻድዊክ ተናደደ፣ አሠራሩንም በጽሑፍ አጥብቆ ተቸ። ማሻሻል ያስፈልጋል ብሎ ያምናል፤ በር ዘግቶ መወሰን ግን አልዋጠለትም።

ሊጉ ግን ጨከነ። በዛው ዓመት መጨረሻ የኒው ዮርኩ ሚውቿልስና የፊላደልፊያው አትሌቲክስ የቀራቸውን የምዕራብ ጉዞ አንሄድም ሲሉ ሁለቱንም አባረረ። የአገሪቱን ሁለት ትልልቅ ከተሞች ማለት ነው! በ1877 ደግሞ ሊጉ ራሱ ለሁሉም ፕሮግራም ማውጣት ጀመረ። ዛሬ በየዓመቱ 162 ጨዋታ በቀን ተቆርጦ የሚወጣው የዛ ውሳኔ ልጅ ነው። ቻድዊክም ከጊዜ በኋላ ከሊጉ ጋር ታረቀ። በስተርጅናው ሊጉ በዓመት 600 ዶላር ጡረታ ይከፍለው ነበር።

ከወዳጁ ጋር የገባው ሙግት

ከ1881 ጀምሮ ቻድዊክ የስፖልዲንግ የቤዝቦል መመሪያ የተባለው ዓመታዊ መጽሐፍ አዘጋጅ ነበር። አልበርት ስፖልዲንግ የቀድሞ ወርዋሪ፣ በኋላ የስፖርት ዕቃ ነጋዴ፣ የቻድዊክም ወዳጅ ነው። በ1903 ቻድዊክ ቤዝቦል የመጣው በልጅነቱ እንግሊዝ ውስጥ ሲጫወተው ከነበረው ራውንደርስ ከሚባል ጨዋታ ነው ብሎ ጻፈ። ስፖልዲንግ ይሄንን ሊቀበል አልቻለም። ቤዝቦል ንጹሕ አሜሪካዊ መሆን አለበት!

ከዛ በ1905 በአብርሃም ሚልስ የሚመራ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ በአንድ አዛውንት ደብዳቤ ላይ ተመርኩዞ ቤዝቦልን በ1839 ኩፐርስታውን ውስጥ የፈጠረው አብነር ደብልዴይ ነው ብሎ ደመደመ። ደብልዴይ የእርስ በርስ ጦርነቱ ጄኔራል ነው፣ በ1893 ሞቷል። በ1839 ግን በዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር፣ ቤዝቦልን ፈጥሬያለሁ ብሎም አያውቅም። ድምዳሜው የወጣው የት መሰላችሁ? በ1908ቱ የስፖልዲንግ መመሪያ ላይ፤ ቻድዊክ ራሱ በሚያዘጋጀው መጽሐፍ።

የዛሬ ተመራማሪዎች የደብልዴይን ታሪክ ተረት ነው ይላሉ። ቻድዊክም መቶ በመቶ ትክክል አልነበረም፤ ራውንደርስ የቤዝቦል አባት ሳይሆን ወንድም ቢባል ይሻላል። ቤዝ ቦል የሚለው ስም ግን በ1744 በታተመ የእንግሊዝ የልጆች መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ በዋናው ነገር ሽማግሌው ልክ ነበር።

በሚያዝያ 1908 ሲዝኑ ሲከፈት 83 ዓመቱ ነበር። ብርዱ ሳይበግረው፣ ታሞም ቢሆን ወደ ሜዳ ሄደ። በሳንባ ምች ሚያዝያ 20 ቀን ብሩክሊን ውስጥ አረፈ። በስታዲየሞች ባንዲራ ዝቅ ብሎ ተውለበለበ። ግሪንዉድ መቃብር ያለው ሐውልቱ አናት ላይ ከድንጋይ የተጠረበ ቤዝቦል ተቀምጧል። በ1938 የዝና አዳራሹ አባል ሆኖ ተመረጠ። አዳራሹ ያለው የት ነው? ኩፐርስታውን! አላምንበትም ባለው ተረት ምክንያት በተመረጠ ከተማ ስሙ ተሰቅሎ ይኖራል።

ያልተቆጠሩት

ቁጥር ግን እውነትን ብቻ አይደለም የሚያሳየው፣ ይደብቃልም። ቻድዊክ መቺው ሳይመታ፣ ወርዋሪው አበላሽቶ ስለወረወረ ብቻ በነፃ ወደ ቤዝ ሲሄድ የመቺው ችሎታ ነው ብሎ አያምንም። ስህተቱ የወርዋሪው ነው ባይ ነው። ስለዚህ የመምታት አማካይ የሚባለው ዋናው ቁጥር ያንን አይቆጥርም። ከመቶ ዓመት በላይ በኋላ፣ በ2002፣ ድሃው የኦክላንድ ቡድን ይሄንን ክፍተት አየ። ሌሎች የናቋቸውን፣ በነፃ ቤዝ የሚይዙ ተጫዋቾችን በርካሽ ሰብስቦ 20 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። ብራድ ፒት የሠራበትን ማኒቦል ፊልም ያያችሁ ታሪኩን ታውቁታላችሁ።

ከዚህ የሚከፋ ድብቅ ነገርም ነበር። ሰንጠረዡ የሚቆጥረው በሩ የተከፈተለትን ብቻ ነው። ጥቁር ተጫዋቾች ከ1880ዎቹ ጀምሮ ከትልልቆቹ ሊጎች ተገፍተው ወጡ፣ እስከ 1947ም አልተመለሱም። የራሳቸውን ሊጎች መሥርተው ተጫወቱ፣ ቁጥራቸው ግን በዋናው መዝገብ ላይ አልነበረም። በግንቦት 2024 ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ቁጥራቸውን ከዋናው መዝገብ ጋር ቀላቀለ። በአንድ ቀን የምንጊዜም የመምታት አማካይ መሪው ተቀየረ፤ ታይ ኮብ ወርዶ ጆሽ ጊብሰን ወጣ። ከአንድ ሺህ ዕድል 372ቱን እንደመምታት ነው። ጊብሰን የሞተው በጥር 1947 ነበር፣ ጃኪ ሮቢንሰን የቀለም አጥሩን ከመስበሩ ሦስት ወር ቀድሞ።

ክርክሩ ዛሬም አልቆመም። በ2023 ወርዋሪው ላይ ሰዓት ተጣለበት፦ ቤዝ ላይ ሰው ከሌለ በ15 ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበት። የጨዋታው ርዝመት በአማካይ 24 ደቂቃ አጠረ። ፕሮግራሙም ተቀይሮ እያንዳንዱ ቡድን ከቀሩት 29 ቡድኖች ጋር በሙሉ መጫወት ጀመረ። አንዳንዱ ደጋፊ ጨዋታው ዳነ ይላል፣ አንዳንዱ ነፍሱ ወጣች ይላል። ሁለቱም ግን መከራከሪያ አድርገው የሚያቀርቡት ቁጥር ነው።

የቻድዊክ ትልቁ ውርስ ይሄ ይመስለኛል። ደጋፊን ከስሜት ወደ ማስረጃ አመጣው። የቀረው ጥያቄ ግን የእኛ ነው፦ ዛሬ በምንወደው ስፖርት ሳይቆጠር የቀረው ማን ነው? ሐሳባችሁን ኮመንት ላይ ጻፉልን።