ቴሚስቶክልስና ባላንጣው

ፉክክር ሰውን ያበረታል ወይስ ያጠፋል የሚለው ክርክር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በሩጫና በትግል፣ በቲያትር ድርሰትም ሳይቀር አሸናፊና ተሸናፊ ይለዩ የነበሩት የጥንት ግሪኮች፣ በመንግሥት ሥራም ቢሆን ሳይፎካከሩ መኖር አይሆንላቸውም ነበር። የፉክክርን ጥቅምና ጉዳት በሕይወቱ ከቀመሱት ሰዎች አንዱ የአቴናው ቴሚስቶክልስ ስለሆነ፣ ለዛሬ ታሪኩን ባጭሩ ልናወሳ ወደናል።

ቴሚስቶክልስ የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ524 ዓመት ገደማ ነው። አባቱ ኔዎክልስ በከተማው እጅግ ከታወቁት ሰዎች የሚቆጠር አልነበረም። ልጁ ግን በትጋቱና በአንደበቱ ከፍ እያለ ሄዶ በ493 አርኮን፣ ማለት የከተማው ዋና ሹም ሆነ። በ490 የአቴና ጦር በሚልቲያደስ መሪነት ፋርሶችን በማራቶን ሜዳ ድል ሲነሣ፣ ሕዝቡ በደስታ ሲዘፍን ቴሚስቶክልስ ብቻ እንቅልፍ አጥቶ፣ ግብዣም ትቶ ይተክዝ እንደነበር ፕሉታርክ ጽፏል። እንቅልፍ የነሣው የሚልቲያደስ ዝና ነበር። ይህ እኛ መንፈሳዊ ቅናት የምንለው ነው፤ ምክንያቱም የሚልቲያደስን ሥራ ለመብለጥ እንጂ ለማፍረስ አልተነሣም።

ከሁሉ ይልቅ የሚፎካከረው ግን ሕዝቡ ጻድቁ እያለ ከሚጠራው ከአሪስጢደስ ጋር ነበር። አንዱ ፈጣን፣ ብልሃተኛና ክብር ወዳድ፣ ሌላው ረጋ ያለና ከእውነት ንቅንቅ የማይል ስለነበሩ በሸንጎ አንዱ ያቀረበውን ሌላው ይቃወም ነበር። በ483 ገደማ በላውሪዮን ማዕድን ብዙ ብር በተገኘ ጊዜ ሕዝቡ ሊከፋፈለው አሰበ። ቴሚስቶክልስ ግን ገንዘቡ መርከብ እንዲሠራበት አሳመነ። ሄሮዶቱስ የመርከቦቹን ቍጥር 200 ያደርሰዋል።

በ482 ደግሞ አሪስጢደስ ከአገር ተባረረ። የአቴና ሕግ ሕዝቡ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከፈቀደ፣ ኀይሉ የሚያስፈራውን ሰው ስም በገል ላይ ጽፎ ድምፅ እንዲሰጥ ያዝዝ ነበር። ከ6,000 ያላነሰ ድምፅ ከተሰጠ፣ ስሙ የበዛበት ሰው ያለ አንዳች ወንጀል ለ10 ዓመት ይሰደዳል፤ ንብረቱ ግን አይወረስም። ሕጉ ፉክክር ወደ ደም መፋሰስ እንዳይደርስ የሚከለክል ነበር። ነገር ግን ባላንጣን ማስወገጃም ሆነ። አሪስጢደስ ዘውድ የሌለው ንጉሥ ሆኗል የሚለውን ወሬ ያናፈሰው ቴሚስቶክልስ እንደነበረ ይተረካል።

በ480 የፋርስ ንጉሥ ክሴርክሲስ ግሪክን በወረረ ጊዜ ስደተኞቹ እንዲመለሱ ተፈቀደ። በሰላሚስ ጦርነት ዋዜማ የግሪክ አዛዦች እንዋጋ፣ እንሽሽ እያሉ ሲከራከሩ፣ አሪስጢደስ በጠላት መርከቦች መካከል አልፎ በሌሊት ቴሚስቶክልስን አስጠራው። ከእንግዲህ ፉክክራችን ለአገር ይበልጥ በመጥቀም ይሁን ብሎ፣ መከበባቸውን ነገረው። ቴሚስቶክልስም ግሪኮች እንዳይሸሹ በምስጢር መልእክት ንጉሡን አታልሎ ያስከበበው ራሱ መሆኑን ለዚህ ለቀድሞ ባላንጣው ገለጸለት። በማግሥቱ በዚያ ብር የተሠሩት መርከቦች ግሪክን አዳኑ።

ከድሉ በኋላ አዛዦቹ ማን ይበልጥ እንደሠራ ድምፅ ሲሰጡ እያንዳንዱ አንደኛ ራሱን መረጠ፤ ለሁለተኛነት ግን አብዛኞቹ ቴሚስቶክልስን መረጡ። ሽልማቱ ለማንም ሳይሰጥ ቀረ።

ይህ ሁሉ ክብር ግን ከምቀኝነት አላዳነውም። በ471 ገደማ እርሱም በዚያው ሕግ ተባረረ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1937 ዓ.ም. በአክሮፖሊስ ኮረብታ አጠገብ ከአንድ ጕድጓድ ውስጥ ስሙ የተጻፈባቸው 190 ያህል ገሎች ተገኝተዋል። ጽሕፈታቸው ሲመረመር የ14 ያህል ሰዎች እጅ ብቻ ሆነ። ይህም ጠላቶቹ ገሉን አስቀድመው እያዘጋጁ ለሕዝብ ለማደል እንዳሰቡ ያሳያል።

ቀጥሎም አገሩን ከድቷል ተብሎ ስለተከሰሰ ሸሽቶ ወደ ፋርስ ገባ። የክሴርክሲስ ልጅ አርጤክስስ ተቀብሎ ማግኔሲያን ለእንጀራው፣ ላምፕሳኮስን ለወይኑ፣ ሚዩስን ለማባያው ሰጠው። በ459 ገደማ በማግኔሲያ ሞተ። ያዳናት አገሩ ሳትምረው በተዋጋው ንጉሥ ልጅ እጅ ኖሮ መሞቱ ያሳዝናል።

ፕሉታርክ እንደሚነግረን፣ ቴሚስቶክልስ ሲሳደድ ብዙዎች ሊከሱት ሲሯሯጡ፣ በእርሱ ተንኰል ተሰዶ የነበረው አሪስጢደስ ክፉ ቃል ከአፉ አላወጣም። ምቀኛ አታሳጣኝ የሚል ሰው እንዲህ ያለ ተፎካካሪ ቢያገኝ ጸሎቱ ደረሰ ማለት ነው። በሥራ ከጓደኛችን ለመብለጥ መድከም የሚያስመሰግን ነው። የልባችን እውነት የሚለየው ግን ያ ጓደኛ በወደቀ ዕለት ይመስለናል።