የኮባልት ሊቅ አልፍሬድ ዌርነር

አልፍሬድ ዌርነር በዲሴምበር 12 ቀን 1866 ዓ.ም. በአልዛስ አውራጃ፥ ሙልሃውስ በምትባል የፋብሪካ ከተማ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ የብረት ማቅለጫ ሠራተኛ ነበር። ሕፃኑ አምስት ዓመት ሳይሞላው ፈረንሣይና ጀርመን ተዋግተው በ1871 ዓ.ም. አገሩ ከፈረንሣይ እጅ ወጥታ ለጀርመን ሆነች። ቤተሰቡ ግን በቤት ውስጥ ፈረንሳይኛ መናገሩን አልተወም፤ ልጁንም የካቶሊክ ወንድሞች ወደሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ሰደደው። በቤት አንድ ቋንቋ፥ በክፍል ሌላ ቋንቋ መናገር ምን እንደሆነ ብዙዎቻችን ስለምናውቀው ይህን ስናነብ ሰውዬው የሩቅ ሰው አይመስለንም።

ዌርነር በጀርመን ጦር የታዘዘበትን አገልግሎት ፈጽሞ በ1886 ዓ.ም. ወደ ስዊስ አገር ወደ ዙሪክ ሄደ። በዚያ በኬሚስትሪ ሲያይል በሒሳብ ግን ደካማ ነበር፤ ይህን የጻፍኩት ሒሳብ ለሚሸሹ ጓደኞቼ ምክንያት ለመስጠት አይደለም። የዶክትርነት ማዕርጉን በ1890 ዓ.ም. አገኘ።

በዚያ ዘመን ኬሚስቶችን እንቅልፍ የሚነሳ አንድ ነገር ነበር። ኮባልት ሦስት ክሎሪን ከያዘ በኋላ ሌላ የሚይዝበት እጅ የቀረው አይመስልም፤ ዳሩ ግን አሞንያ ሲቀርብለት ስድስት፥ አምስት ወይም አራት አሞንያ ጨምሮ ይይዛል። መልኩም አብሮ ይለወጣል፤ ባለ ስድስቱ ብጫ፥ ባለ አምስቱ ሐምራዊ፥ ባለ አራቱ አረንጓዴ ነው። እነዚህን ጨዎች በውሀ አሟሙተው ሲልቨር ናይትሬት ቢያንጠባጥቡባቸው፥ እኛ በገበታ ጨው ላይ ያየነው ያው ነጭ ዝቃጭ ይወርዳል፤ ነገር ግን ከባለ ስድስቱ ሦስቱም ክሎሪን፥ ከባለ አምስቱ ሁለት፥ ከባለ አራቱ አንድ ብቻ ነው የሚወርደው። የቀረው ክሎሪን የት ተደበቀ? በኮፐንሃገን የነበረው ስመ ጥር ሊቅ ሶፉስ ዮርገንሰን አሞንያዎቹ እንደ ሰንሰለት እርስ በርስ ተያይዘው የሚኖሩ ናቸው ብሎ ያስተምር ነበር።

ዌርነር ነገሩን ሲያወጣና ሲያወርድ ከርሞ አንድ ቀን ከሌሊቱ በ8 ሰዓት ከእንቅልፉ ነቃ፤ መልሱን አግኝቶት ነበርና በማግሥቱ እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ድረስ ያለ ዕረፍት ሲጽፍ ዋለ ይባላል። ሐሳቡ በ1893 ዓ.ም. ታተመ። ኮባልት በመካከል ይቀመጣል፤ አንዱ ጎረቤት ከላይ፥ አንዱ ከታች፥ አራቱ በዙሪያው ሆነው ስድስት ቦታ ይሞላሉ። ከነዚህ ከስድስቱ ቦታ የገባ ክሎሪን ተይዟልና በውሀ ውስጥ አይለቅም፤ በውጭ የቀረው ብቻ ይለቃል። ሐሳቡ የሚያምር ነበር፤ ነገር ግን የ26 ዓመቱ ወጣት በነዚህ ጨዎች ላይ የራሱ የሆነ አንድ ሙከራ አልነበረውም፤ የተጠቀመው ያው ዮርገንሰን በብዙ ድካም የሰበሰበውን ነው! ቢሳሳት ኖሮ ስሙ የመሳለቂያ ስም ይሆን ነበር።

ክርክሩ የተንጠለጠለው በአንድ ቀለም ላይ ነበር። የስድስቱ ጎረቤቶች አቀማመጥ ዌርነር እንዳለው ከሆነ፥ ባለ አራት አሞንያው ጨው በሁለት ዓይነት መገኘት አለበት፤ ሁለቱ ክሎሪኖች አንዴ ፊት ለፊት፥ አንዴ ጎን ለጎን ይሆናሉና። አረንጓዴው በእጅ ነበር፤ ወንድሙ ግን አልተገኘም። ዮርገንሰንም ያልተገኘ ነገር ማስረጃ አይሆንም ብሎ ጸና። ዌርነር ለ14 ዓመት ከተማሪዎቹ ጋር፥ የዙሪክ ሰዎች ካታኮምብ ብለው በሚጠሩት ጨለማ ምድር ቤት ሲፈልግ ኖሮ በ1907 ዓ.ም. ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን ጨው ሠራ። ዮርገንሰን መሸነፉን ሳያወላውል አመነ፤ እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የማደንቀው ይህን ነው።

በ1911 ዓ.ም. ደግሞ እንደ ቀኝና እንደ ግራ እጅ የሚመሳሰሉ ሁለት ዓይነት የኮባልት ጨዎችን ለየ። ተቃዋሚዎቹ ይህ የካርቦን ሥራ ነው ቢሉት፥ በ1914 ዓ.ም. አንዲት የካርቦን አተም የሌለችበትን ጨው ለይቶ አሳያቸው። በ1913 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶት ነበር። ግን ሥራና መጠጥ አበዛ፤ የደም ሥሮቹ ደርቀው አእምሮው ደከመ፤ በኖቬምበር 15 ቀን 1919 ዓ.ም. በ52 ዓመቱ ዙሪክ ላይ ሞተ።

ዛሬ ኬሚስቶች የእርሱን ትምህርት ይዘው በዓይን የማይታይ ጎጆ ይሠራሉ። የብረታ ብረት አተም ጎረቤቶቹን የሚይዝበት አቅጣጫ የታወቀ ስለሆነ እንደ ማዕዘን ያገለግላል፤ የካርቦን ሞለኪውል እንደ ግድግዳ ይሆናል። ሁለቱ በውሀ ሲቀላቀሉ ጎጆውን የሚያቆመው ሰው አይደለም፤ ራሳቸው እየተያያዙ፥ ያልገጠመው እየለቀቀ፥ የገጠመው እየጸና ይቆማል። የጃፓኑ ማኮቶ ፉጂታ በ1990 ዓ.ም. በፓላድየም አራት ማዕዘን ሠራ፤ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ከስድስት ፓላድየምና ከአራት ሞለኪውሎች አንድ ሙሉ ጎጆ አቆመ። በ2009 ዓ.ም. በካምብሪጅ የተሠራው ጎጆ ነጭ ፎስፎረስን በውስጡ ዘጋ፤ ነጭ ፎስፎረስ አየር ሲነካው የሚቀጣጠል ነው፤ በጎጆው ውስጥ ግን አልነደደም። በጎጆው አራት ማዕዘኖች አራት የብረት አተሞች አሉ፤ እያንዳንዱም ዌርነር በ1893 ዓ.ም. ባሰበው ዓይነት ስድስት ጎረቤት ይዟል።