ዲዲሞስ ዘእስክንድርያ

ዲዲሞስ የሚለውን ስም ስትሰሙ ምናልባት ወደ አእምሯችሁ የሚመጣው ሐዋርያው ቶማስ ይሆናል፤ እርሱም በዚህ ስም ይጠራ ነበርና። አሁን የምታነቡት ታሪክ ግን ከሐዋርያው ሦስት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ በግብፅ አገር፣ በእስክንድርያ ከተማ ስለ ኖረ ሌላ ሰው ነው።

ዲዲሞስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ313 ገደማ ነው። የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ፣ ፊደል ለመቁጠር ገና ሳይቀመጥ የዐይኑን ብርሃን አጣ። በዚያ ዘመን ዐይነ ስውር የሆነ ልጅ ምን ይጠብቀው እንደ ነበር መገመት አያዳግታችሁም፤ የብዙዎቹ ዕጣ ከደጀ ሰላም ተቀምጦ ምጽዋት መለመን ነበር። ዲዲሞስ ግን ከደጁ አልፎ ገባ።

እንዴት ተማረ? ሶዞሜን የተባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ ፊደላት በእንጨት ላይ ተቀርጸውለት ቅርጻቸውን በጣቱ እየዳሰሰ ለያቸው። ይህ የሆነው ሉዊ ብሬል ባለ ስድስት ነጥቡን ጽሕፈት ከመፍጠሩ ዐሥራ አምስት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ቀሪውን ትምህርት የተቀበለው በጆሮው ነበር። ሌሎች ያነቡለታል፤ እርሱ ያዳምጣል፤ የሰማውንም በቃሉ ይይዛል። አንባቢዎቹ ደክሟቸው እንቅልፍ ሲወስዳቸው እርሱ ነቅቶ የሰማውን ሲያሰላስል ያድር እንደ ነበር ይነገርለታል። በቅኔ ወይም በዜማ ቤት ያለፈ ዘመድ ካላችሁ፣ ትምህርትን በቃል መያዝ ምን ያህል እንደሚያለፋ ሊነግራችሁ ይችላል። ዲዲሞስ በዚህ መንገድ ከብሉይና ከሐዲስ መጻሕፍት ሌላ ሰዋስውን፣ ሥነ አመክንዮን፣ ሒሳብንና ሙዚቃን አጠና። ይበልጥ ያስደነቀው ግን ያለ ሥዕል ይታወቃል የማይባለውን ጂኦሜትሪን ማወቁ ነው።

የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስ፣ ለአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጵጵስና ሰጥቶ ወደ አክሱም የላከው ማለት ነው፣ ይህን ሰው የትምህርተ ሃይማኖት ትምህርት ቤት መምህር አድርጎ ተቀበለው። ቀድሞ እነ ቀለሜንጦስና እነ አርጌንስ ያስተማሩበት ወንበር ነበር። ዲዲሞስ ክህነት አልነበረውም፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ምእመን እንደ ሆነ ኖረ። ሩፊኖስ ለበርካታ ዓመታት ተማረበት። ጀሮምም ራሱ ስመ ጥር ሊቅ ከሆነ በኋላ፣ በ386 ገደማ፣ ጥያቄውን ይዞ ወደ እርሱ መጣ፤ ስለ መንፈስ ቅዱስ የደረሰውንም መጽሐፍ ወደ ላቲን ተረጐመለት። የግሪክኛው ጽሑፍ ጠፍቶ እስከ ዛሬ የቀረልን ይኸው ትርጉም ነው።

ስለ ዲዲሞስ ከሚተረኩት ሁሉ ልብ ልትሉት የሚገባ አንድ ታሪክ አለ። አባ እንጦንስ ከበረሃ ወደ እስክንድርያ በወረዱ ጊዜ ጎበኙትና ዐይኑን በማጣቱ ያዝን እንደ ሆነ ጠየቁት። ዲዲሞስ አፍሮ ዝም አለ። ደግመው ጠየቁት፤ አሁንም ዝም አለ። በሦስተኛው ግን እንደሚያዝን አመነ። አባ እንጦንስም ዝንብና ጉንዳን ስላላቸው ዐይን ማዘኑን ትቶ ቅዱሳን ባገኙት የውስጥ ብርሃን እንዲደሰት መከሩት። ታሪኩን ብዙዎች የሚያነሡት ለዚህ ምክር ሲሉ ነው። ይሁን እንጂ የሰውየው ዝምታና እውነቱን መናገሩ ከምክሩ ያላነሰ ያስተምራል፤ ታላቁ መምህር ሐዘኑ አልተወውም ነበር፤ የሚጠይቀው ሰው ግን ብዙ አልነበረም።

ዲዲሞስ በ398 ገደማ ዐረፈ። በ6ኛው መቶ ዓመት በቁስጥንጥንያ የአርጌንስን ትምህርት ተከትሏል ተብሎ በመወገዙ አብዛኞቹ ድርሰቶቹ ጠፉ። በ1941 ግን ከካይሮ በስተ ደቡብ በቱራ፣ ሠራተኞች የጥንት የድንጋይ ካባ ዋሻ ሲጠርጉ የፓፒረስ ክምር አገኙ። ከክምሩ ውስጥ የዘፍጥረት፣ የኢዮብና የዘካርያስ ትርጓሜዎቹ ወጡ። የመዝሙረ ዳዊትና የመክብብ ትርጓሜዎቹ ደግሞ በክፍል ሲያስተምር እየተከታተሉ የተጻፉ ናቸው፤ ተማሪዎቹ በመካከል እያቋረጡ ያቀረቡት ጥያቄና እርሱ የሰጠው መልስ ሳይቀር ሰፍሮባቸዋል።