ፕሮፌሰር በርንሃርድ ዞንዴክ፦ እርግዝናን በአይጥ ያወቁት የኢየሩሳሌም ሐኪም

በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያን መንገድ ወርዳችሁ የነቢያት መንገድ (ረሆቭ ሃነቪኢም) ስትደርሱ፣ ንግሥት ዘውዲቱ ያሠሩትን፣ የይሁዳ አንበሳ ያለበትን ቤት ታያላችሁ። በዚያው አካባቢ አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ አለ። ዛሬ የሐዳሳ ኮሌጅ ነው፤ እስከ 1939 ግን የሐዳሳ ሆስፒታል ነበር። የዛሬው ታሪካችን በ1934 ከአገራቸው ተባረው ወደ ሐዳሳ ስለመጡ ሐኪም ነው።

በርንሃርድ ዞንዴክ በ1891 በጀርመን ግዛት፣ ዛሬ በፖላንድ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። በበርሊን ሕክምና ተምረው የሴቶችና የወሊድ ሐኪም ሆኑ። ወንድሞቻቸው ሄርማንና ሳሙኤልም ሐኪሞች ነበሩ።

በዚያ ዘመን አንዲት ሴት ማርገዟን በእርግጥ የምታውቀው ወራት ካለፉ በኋላ ነበር። የእኛም እናቶች በጎንደርና በትግራይ የሚያውቁት ቀኑ ደርሶ ወደ መርገም ጎጆ ሳይወጡ ሲቀሩ፣ ወር እየቆጠሩ ነበር።

ዞንዴክና ባልደረባቸው ሰልማር አሽሃይም ከአንጎል ሥር የምትገኘውን አተር የምታህል ዕጢ ቁራጭ ወስደው፣ ገና ባልደረሱ እንስት አይጦች ገላ ውስጥ ተከሉ። አይጦቹ ያለ ጊዜያቸው ደረሱ። በዚህም የሴትን የመውለጃ አካል የሚያዝዘው ከዚያች ዕጢ የሚወጣ ሆርሞን መሆኑ ታወቀ። ፊሊፕ ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪም በአሜሪካ ያንኑ አግኝተዋል።

ቀጥሎም የእርጉዝ ሴት ሽንት በአይጦች ላይ ተመሳሳይ ነገር እንደሚያደርግ አዩ። ሽንቱን ለትናንሽ አይጦች በመርፌ ይሰጣሉ። አምስት ቀን ሳይሞላ አይጦቹን ገድለው እንቁላል ማምረቻቸውን ይመረምራሉ። ቀይ የደም ነጠብጣብ ከታየበት ሴቲቱ አርግዛለች። በ1928 ይፋ የሆነው ይህ ምርመራ በሁለቱ ስም ተጠርቶ በዓለም ተሰራጨ። በሽንቱ ያለው ሆርሞን የሚመነጨው ከእንግዴ ልጁ መሆኑ የታወቀው ግን ኋላ ነው።

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ዞንዴክ አይሁዳዊ በመሆናቸው ከሆስፒታል ኃላፊነታቸው ተባረሩ። ዝናቸው አላዳናቸውም። በስቶክሆልም ጥቂት ቆይተው፣ ዕድሜያቸው ከአርባ ካለፈ በኋላ በኢየሩሳሌም ኑሮን እንደገና ጀመሩ። በሐዳሳ የሴቶችና የወሊድ ክፍልን መሩ፤ በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲም የሆርሞን ምርምር አካሄዱ። ወንድማቸው ሄርማንም በአቅራቢያው በነበረው ቢኩር ሖሊም ሆስፒታል ሠሩ። በ1948 በጦርነቱ ወደ ስኮፐስ ተራራ የሚወስደው መንገድ ሲዘጋ፣ ሐዳሳ በከተማው ውስጥ በተበታተኑ ሕንፃዎች ሥራውን ቀጠለ። ዞንዴክ በ1958 የእስራኤልን ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1966 በኒው ዮርክ አረፉ።

ዛሬ ከፋርማሲ የምትገዛው መመርመሪያ የሚፈልገው ያንኑ ሆርሞን ነው፤ አይጥ መግደል ግን ቀርቷል። ጥቅሙ እርግዝናን ማወቅ ብቻ አይደለም። አንዳንዴ ፅንሱ ሳይሆን እንግዴ ልጁ ያለ ሥርዓት ያድጋል፤ ይህም ሞላር እርግዝና ይባላል። ማሕፀን ከተጠረገ በኋላ ሆርሞኑ ካልጠፋ፣ ወይም እንደገና ከጨመረ፣ ካንሰር ሊኖር ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት አብዛኛውን ጊዜ ይድናል።

በማኅበራዊ ሥራዬ፣ ደሙ ቆሟልና ድኛለሁ ብለው ተከታዩን የደም ምርመራ የሚተዉ እህቶች አጋጥመውኛል። ባሎችም፣ አማቶችም ይህን እወቁ፦ ሐኪሙ ተመላለሺ ያላት ሴት ትመላለስ። እኚህ ሐኪም የተዉልን ትልቁ ነገር አስቀድሞ ማወቅ ነውና።