ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖልና የፓሪስ የተጣሉ ሕፃናት

ሕፃን ታቅፎ የሚታየውን የዚያን አረጋዊ ካህን ሥዕል ያላየ ምእመን ጥቂት ነው። የቅዱስ ቪንሰንትን ርኅራኄ ሁላችንም እናደንቃለን፤ ለዚያ ሕፃን ወተት የሚሆነው ገንዘብ ከየት እንደ መጣ ግን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም።

ቅዱስ ቪንሰንት በ1581 ዓ.ም. (ዘመናቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን) በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፥ ፑይ በምትባል መንደር፥ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። በ1600 ማዕርገ ክህነትን ተቀበለ፤ በ1625 የላዛሪስት አባቶችን ማኅበር መሠረተ። በ1839 ወደ ሀገራችን የመጡት አቡነ ያዕቆብ፥ ማለት ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያኮቢስ፥ የዚሁ ማኅበር ልጅ ናቸው። በ1633 ደግሞ ከቅድስት ሉዊዝ ደ ማሪያክ ጋር የፍቅር ሥራ ልጆች የተባሉትን ደናግል አቋቋመ።

በዚያ ዘመን በፓሪስ ከተማ በየዓመቱ በመቶ የሚቆጠሩ አራስ ሕፃናት በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍና በየመንገዱ ይጣሉ ነበር። ሕግ አልጠፋም፤ የዳኝነት ሥልጣን ያላቸው ጌቶች በግዛታቸው ለተጣለ ልጅ ማሳደጊያ እንዲከፍሉ ታዝዘው ነበር። የሚሰጡት ግን እጅግ ጥቂት ነበር። ሕፃናቱ ላ ኩሽ በሚባል ቤት በአንዲት መበለት እጅ ይቀመጡ ነበር፤ አብዛኞቹ በረኃብ ያልቁ፥ አንዳንዶቹም ለለማኞች ይሸጡ ነበር።

በ1638 ቅዱሱ ያሰባሰባቸው ባለጸጋ ሴቶች፥ የፍቅር ሥራ እመቤቶች፥ ከገንዘባቸው አዋጥተው ጥቂት ሕፃናትን ለመውሰድ ተስማሙ። ለሁሉ የሚበቃ ስላልነበራቸው የመጀመሪያዎቹን 12 በዕጣ መረጡ። ዕጣ ያልወጣላቸው እዚያው ቀሩ፤ ይህን ስናነብ እስከ ዛሬ ልባችን ይደነግጣል። በ1640 ግን ሁሉንም ለመቀበል ቆረጡ። ጨቅላዎቹ ደመወዝ ለሚከፈላቸው አጥቢ ሴቶች ይሰጡ ነበር፤ ደናግሉም አያያዛቸውን እየዞሩ ይመለከቱ ነበር።

ወጪው ከእመቤቶቹ አቅም በላይ ሆነ። ስለዚህ ቅዱሱ ፊቱን ወደ ቤተ መንግሥት መለሰ። ንጉሥ ሉዊ 13ኛ በ1642 በየዓመቱ 4,000 ሊቭር የሚያስገኝ ገቢ ፈቀደ፤ በ1644 ንግሥት አና በሕፃኑ ልጇ በሉዊ 14ኛ ስም 8,000 ጨመረች። ሊቭር የዘመኑ የፈረንሳይ ገንዘብ ነው። በ1647 የቢሴትር ግንብ ለሕፃናቱ ተሰጠ፤ ስፍራው እንደማይስማማቸው ቅድስት ሉዊዝ አስቀድማ ተናግራ ነበር፥ ጥቂት ዓመታት ቆይተውም ወደ ከተማ ተመለሱ። የቤተ መንግሥት ስጦታ ሁሉ ለልጅ አይመችም ማለት ነው።

በ1648 የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። የንጉሡ ገንዘብ ተጓደለ፥ ዳቦ ተወደደ፥ እመቤቶቹም ደክመው ሥራውን ሊተዉ አሰቡ። በእነዚያ የጭንቅ ዓመታት ቅዱሱ ሰብስቦ አነጋገራቸው፤ ቢቀጥሉ ሕፃናቱ እንደሚኖሩ፥ ቢተዉ እንደሚሞቱ፥ ፍርዱም በእነርሱ እጅ መሆኑን ሳይሸሽግ ገለጸላቸው። እነርሱም ቀጠሉ። ገንዘብ ለመለመን በየደጁ መመላለሱን ለቅዱስ የማይገባ ሥራ አድርገው የሚያዩ ቢኖሩ እኛ አንስማማም፤ ሕጉ ክፈሉ ያላቸው ጌቶች ሲተኙ ሌላ ማን ይቀስቅሳቸው?

ቅድስት ሉዊዝ በመጋቢት ወር 1660፥ ቅዱስ ቪንሰንትም በዚያው ዓመት መስከረም 27 ቀን ዐረፉ። ከ10 ዓመት በኋላ፥ በ1670፥ ሉዊ 14ኛ የተጣሉ ሕፃናት ቤት የመንግሥት ድጋፍ ያለው ሕጋዊ ተቋም እንዲሆን በዐዋጅ ደነገገ። የፍቅር ሥራ ልጆችም ሕፃናቱን ማገልገላቸውን ቀጠሉ።