የዜሮ አውሮፕላን አባት፦ ጂሮ ሆሪኮሺ

የአውሮፕላን ሞዴል መገጣጠም የምትወዱ ሁሉ ዜሮ የተባለውን የጃፓን ተዋጊ አውሮፕላን ሳታውቁት አትቀሩም። የፓይለቱን ወንበር ስትገጥሙ ልብ ብላችሁታል? ክብደት ለመቀነስ ሲባል በቀዳዳ የተሞላ ነው። ከጀርባው ደግሞ ጥይት የሚመክት ብረት የለም። ሞዴሉን ያመረተው ድርጅት ረስቶት እንዳይመስላችሁ፤ የመጀመሪያዎቹ እውነተኛ ዜሮዎችም አልነበራቸውም። ለምን? ዛሬ የዲዛይነሩን ሕይወት የምናወጋችሁ ለዚሁ ነው።

ጂሮ ሆሪኮሺ እ.ኤ.አ. በ1903 ጃፓን፣ ጉንማ ግዛት ፉጂዮካ ተወለደ። በቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ የአውሮፕላን ምህንድስና ተምሮ ናጎያ ከተማ ሚትሱቢሺ ውስጥ ተቀጠረ። ኩባንያውም ልምድ እንዲቀስም ወደ አውሮፓና አሜሪካ ላከው።

አጀማመሩ ግን አላማረም። በዋና ዲዛይነርነት የመራው የመጀመሪያ ተዋጊ አውሮፕላን ሁለት ናሙናዎች ተሠርተው ሁለቱም ተከሰከሱ። ሆሪኮሺ ተስፋ አልቆረጠም። በ1935 የበረረው ቀጣዩ ሥራው ከተጠበቀው በላይ ፈጣን ሆኖ ተገኘና ስሙን አስጠራ።

ፈተናው የመጣው በ1937 ነው። የጃፓን ባሕር ኃይል አዲስ ተዋጊ አውሮፕላን ፈለገ። በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ይብረር፣ 3 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ በሦስት ደቂቃ ተኩል ይውጣ፣ በቁጠባ ሲበር ከስድስት ሰዓት በላይ አየር ላይ ይቆይ፣ ሁለት ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፍና ሁለት መትረየስ ይታጠቅ፣ በዚያ ላይ እንደ ልብ ይተጣጠፍ ተባለ። ተፎካካሪው ናካጂማ ኩባንያ ነገሩን አይቶ ከውድድሩ ወጣ። ሆሪኮሺ ግን ቀረ።

ችግሩ ሞተሩ ላይ ነበር። የመጀመሪያው ናሙና የተገጠመለት ሞተር ጉልበቱ 780 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። ጉልበት ከሌለ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ክብደት መቀነስ። ሆሪኮሺና ባልደረቦቹ አዲስ ቀላል የአሉሚኒየም ቅይጥ ተጠቀሙ፣ የማይታዩ ክፍሎችን ሳይቀር በሱ፣ ግራም በግራም ቀነሱ። የብረት መከላከያም ሆነ ጥይት ሲበሳው ራሱን የሚደፍን ነዳጅ ታንክ ባሕር ኃይሉ አልጠየቀም፤ አልተገጠመምም።

በ1939 ናሙናው ሲጠናቀቅ ፋብሪካው አጠገብ ማኮብኮቢያ ስላልነበረ በዘመኑ እጅግ የረቀቀው አውሮፕላን ተፈታትቶ በበሬ በሚጎተት ጋሪ ወደ ካካሚጋሃራ ሜዳ ተጓዘ! ሚያዝያ 1 ቀን ወደ ሰማይ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ሁለተኛው ናሙና አየር ላይ ተበታትኖ የሙከራ ፓይለቱ ሞተ። ጉድለቱ ታርሞ በ1940 ሥራ ላይ ዋለ። በጃፓን አቆጣጠር ዓመቱ 2600 ስለነበር የመጨረሻው አኃዝ ስም ሆነለት፤ ዜሮ።

መጀመሪያ ላይ የሚያቆመው ጠፋ። በመስከረም 1940 ቻይና ቾንግቺንግ ሰማይ ላይ 13 ዜሮዎች በቁጥር የሚበልጧቸውን ተዋጊዎች ገጥመው አንድም ሳይወድቅባቸው ተመለሱ። በታኅሣሥ 1941 ፐርል ሃርበር ላይ ጥቃት ሲፈጸምም እዚያ ነበሩ።

ታዲያ በ1942 አሜሪካኖች አሌውሽያን ደሴቶች ላይ ወድቆ የተገኘ አንድ ዜሮ ጠግነው አበረሩትና ድክመቱን አወቁ። ጠንካራ ሞተርና ጥሩ መከላከያ ያላቸው አዳዲስ ተዋጊዎችም መጡ። ዜሮ ከተመታ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ከእሱ ጋር የሚሞተው ደግሞ ዓመታት የሰለጠነ ፓይለት ነው። አውሮፕላን ይተካል፣ ፓይለት ግን ከየት ይምጣ? ከጥቅምት 1944 ጀምሮ ዜሮ ቦምብ ተሸክሞ ከነፓይለቱ መርከብ ላይ የሚወረወር ካሚካዜ ሆነ። በጠቅላላው ከ10 ሺህ በላይ ተመርቷል።

ሆሪኮሺ ከጦርነቱ በኋላ ዋይ ኤስ 11 በተባለው የጃፓን የመንገደኞች አውሮፕላን ዲዛይን ተሳተፈ፣ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፣ ስለ ዜሮም መጽሐፍ ጻፈ። በጥር 1982 በ78 ዓመቱ አረፈ። በ2013 የወጣው የሃያዎ ሚያዛኪ አኒሜሽን ፊልም መነሻ ያደረገው እሱን ነው።

እኛ እንደሚመስለን የሆሪኮሺ ችሎታ አያጠያይቅም፤ የተጠየቀውን ሁሉ ሠርቶ አስረክቧል። ግን የፍላጎት ዝርዝሩ ላይ የፓይለቱ ነፍስ አልተጻፈችም ነበር፤ ዋጋውን የከፈሉትም ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ወጣቶች ናቸው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ተጠያቂው ያዘዘው ነው ወይስ የሠራው? ሐሳባችሁን ጻፉልን።