ፏፏቴ ላይ ቤት የሠራው ሰው

በዛሬው የታዋቂ ሰዎች ዓምዳችን የምናስተዋውቃችሁ ፍራንክ ሎይድ ራይት የተባለውን አሜሪካዊ አርክቴክት ነው። አርክቴክት ለመምህር ምን ያደርግለታል የምትሉ አትጠፉም። ትንሽ ታገሡን፤ ነገሩ ከመማሪያ ክፍላችን ሩቅ አይደለም። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ራይት በ1867 በዊስኮንሲን ግዛት ተወለደ። አባቱ ሰባኪና የሙዚቃ ሰው፣ እናቱ ደግሞ አስተማሪ ነበረች። በ1876 እናቱ ፊላዴልፊያ ላይ በተደረገ ትልቅ ኤግዚቢሽን የፍሮቤልን የእንጨት መጫወቻዎች አየችና ገዝታ ሰጠችው። ፍሮቤል ማለት መዋዕለ ሕፃናትን የጀመረው ጀርመናዊ ነው፤ በትምህርታችን ስሙ የሚነሳው። ትንሹ ራይት ኪዩቡን በኪዩብ ላይ ሲያነባብርና ሲያፈርስ ዋለ። ሸምግሎ እንኳ የሙያውን መነሻ ሲያወሳ እነዚያን እንጨቶች አይረሳም ነበር። ክረምት ክረምት ደግሞ ከዘመዶቹ እርሻ እየሄደ ሲሠራ ኮረብታውን፣ ድንጋዩንና ዛፉን በቅርብ አወቀ።

ዩኒቨርሲቲ ቢገባም ዲግሪ ሳይዝ ወጣ። በ1887 ቺካጎ ሄዶ ከታወቁ አርክቴክቶች ዘንድ ሥራ ተማረ። ቀጥሎም ለሜዳማው አገር የሚስማሙ፣ ዝቅ ብለው በአግድሙ የተዘረጉ ቤቶችን እየሠራ ስም አተረፈ።

ሕይወቱ ግን ቀና ብቻ አልነበረም። በ1909 ሚስቱንና ስድስት ልጆቹን ትቶ ሄደ፤ ይህን ሸፋፍነን አናልፈውም። በ1914 መኖሪያውን አንድ አገልጋይ አቃጥሎ ሰባት ሰዎች ገደለ፤ ከነዚህም መካከል አብራው የምትኖረው ሴትና ሁለት ልጆቿ ነበሩ። ቤቱን መልሶ ቢሠራውም በ1925 እንደገና ተቃጠለ። ከዚያ ዕዳ ተከመረበት፣ ሥራም ጠፋ። ብዙዎች አለቀለት ብለው ነበር። እሱ ግን በ1932 መኖሪያውን ትምህርት ቤት አደረገው። ተለማማጆቹ ንድፍ ብቻ ሳይሆን እርሻውን፣ አናጢነቱን፣ ምግብ ማብሰሉንም ይሠሩ ነበር።

ከተማሪዎቹ አንዱ በፒትስበርግ ከተማ የትልቅ መደብር ባለቤት የነበረው የኤድጋር ካውፍማን ልጅ ነበር። ቤተሰቡ ጫካ ውስጥ፣ ቤር ረን በሚባል ወንዝ ዳር፣ የሚያርፍበት ቦታ ነበረው። ፏፏቴውን ፊት ለፊት የሚያይ ቤት እንዲነድፍላቸው ራይትን ጠየቁት። ታዲያ ራይት ምን አደረገ? በመጀመሪያ የቦታውን ካርታ አስነሣ፤ ትልልቁ ዛፍና አለት ሳይቀር እንዲመዘገብ አደረገ። ከዚያ በ1935 ቤቱን ከፏፏቴው ማዶ ሳይሆን እፏፏቴው ራሱ ላይ ነደፈው።

ግድግዳው እዚያው አካባቢ ከተፈለጠ ድንጋይ ተካበ። ሰገነቶቹ አንድ ጫፋቸው ብቻ ከአለቱ ጋር ተይዞ፣ ሌላው ጫፋቸው ከወንዙ በላይ አየር ላይ የተዘረጋ አርማታ ናቸው። በቦታው የነበረው አለት አልተፈነቀለም፤ ሳሎን ውስጥ ብቅ ብሎ የምድጃው ሥር ሆነ። ከሳሎኑ ወደ ወንዙ የሚያወርድ ደረጃ አለ። ዋናው ቤት በ1937፣ የእንግዳው ቤት በ1939 አለቀ። ራይት ያን ጊዜ ሰባ ዓመት ሞልቶታል።

ነገር ግን ሙገሳ ብቻ ብንጽፍ እናንተንም እናሞኛችኋለን። መሐንዲሶች አርማታው ብረት ያንሰዋል ብለው አስጠንቅቀው ነበር። ሥራ ተቋራጩም ከራይት ተደብቆ ፌሮ ጨመረበት። እንዲያም ሆኖ ፎርማው ሲነሣ ሰገነቱ ዘመም አለ፤ በኋላም እያዘመመ ሄዶ 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወረደ። በ2002 በብረት ገመድ ተወጥሮ ባይጠገን ኖሮ መጨረሻው ያሳስብ ነበር። ሐሳብ የቱንም ያህል ቢያምር ስሌት ይፈልጋል፤ የሒሳብ ክፍል ተማሪዎች ይህን ልብ በሉልን።

ራይት በ1959 በ91 ዓመቱ ሞተ። የካውፍማን ቤተሰብ ቤቱን በ1963 ለአንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ሰጠ፤ በማግሥቱ ዓመት ለሕዝብ ተከፈተ። በ2019 ከሌሎች ሰባት ሥራዎቹ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ።

እኛ ወልድያ ተቀምጠን ይህ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። ከዚሁ ከሰሜን ወሎ፣ ላስታ ላይ፣ ዐሥራ አንዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ድንጋይ ሳይመጣላቸው ከቦታው አለት ተፈልፍለው ወጥተዋል፤ የዝናቡ ውሃ የሚፈስበት ቦይ ሳይቀር ተቆፍሮላቸዋል። የገጠር ሰዋችንም ድንጋይ ባለበት በድንጋይ፣ እንጨት ባለበት በእንጨትና በጭቃ ቤቱን ሲሠራ ኖሯል። በአንጻሩ ተዳፋቱን ቆርጦ የጎርፉን መንገድ የዘጋ ሰው ክረምት ሲገባ ምን እንደሚያገኘው ሁላችንም እናውቃለን።

እጩ መምህራን ሆይ! ነገ ተመድባችሁ ከምትሄዱበት ትምህርት ቤት መሣሪያ ሙሉ ሆኖ ላይጠብቃችሁ ይችላል። ታዲያ በመጀመሪያው ሳምንት ግቢውን ዙሩት። ጥላው ወዴት እንደሚወድቅ፣ ውሃው በየት እንደሚወርድ፣ ጠጠሩና ሸክላ አፈሩ የት እንዳለ እዩ። ጠጠሩ መቁጠሪያ፣ ሸክላው መጫወቻ፣ ጥላው የጂኦሜትሪ ትምህርት ይሆናል። የአንድ ልጅ ሙያ ከጥቂት የእንጨት ኪዩብ ተነሥቶ እስከ ፏፏቴ ድረስ እንደሄደ አይተናልና።